በብርሃን ተሥሎ በኤሌክትሪክ የሚበቅል ብረት
ስለ ደቃቅ ሲሊንደሮች አሠራርና ነጋዴው ሊጠነቀቅባቸው ስለሚገቡ ነገሮች

አንድ ግራም ኒኬል በመዳፍ ላይ ቢቀመጥ ከብረት ሽርፍራፊ የማይሻል ዕቃ ነው። ይኸው አንድ ግራም ግን ወርዱ የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ፣ ቁመቱም የሚሊሜትር ሁለት ዐሥረኛ ወደ ሆነ ክብ ዘንግ እየተከፋፈለ ቢሠራ ከ71 ሺሕ የሚበልጡ ዘንጎች ይወጡታል። እያንዳንዱ ዘንግ በባዶ ዓይን ሲታይ ከአቧራ ቅንጣት አይለይም፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ጫፉ የተስተካከለ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ መልኩና ልኩ ከጎረቤቱ ጋር አንድ የሆነ ሲሊንደር ነው።

በማርች 8 ቀን 2022 በለንደን የብረታ ብረት ገበያ የኒኬል ዋጋ በቶን ከ100 ሺሕ ዶላር በላይ ወጥቶ፣ ገበያው የኒኬልን ግብይት እስከ ማገድ ደርሶ ነበር። በዚያ ገበያው በታወከበት ቀን ዋጋ ቢሰላ እንኳ አንድ ግራም ኒኬል ከ10 የአሜሪካ ሳንቲም ብዙም አያልፍም። እንግዲህ 71 ሺሕ ዘንጎች የሚወጡበት ብረት ዋጋው 10 ሳንቲም ከሆነ፣ ገዢው በሺሕ የሚቆጠር ዶላር የሚከፍለው ለብረቱ ሳይሆን ለጥበቡ ነው ማለት ነው። ቡናና ቆዳ፣ ቆርቆሮና ምስማር በሚዛን ገዝቶ በሚዛን መሸጥ የለመደ ነጋዴ ይህን ዓይነቱን ሸቀጥ በለመደው ሚዛን የመዘነ እንደ ሆነ፣ ኪሣራው ሳይታወቀው ይደርስበታል።

ይህ ጥበብ ሊቶግራፊ ይባላል። ሥራው ዛሬ በእጅ ሰዓት፣ በተንቀሳቃሽ ቴሌፎን፣ በማተሚያ መኪናና በልዩ ልዩ መሣሪያዎች ውስጥ ተሸሽጎ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ባለ ሱቁ የሚሸጠው ዕቃ ከምን እንደ ተሠራ፣ በምንስ ምክንያት እንደሚወደድና እንደሚረክስ ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድንጋይ የተጀመረ ሥራ

ሊቶግራፊ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው በድንጋይ መጻፍ ማለት ነው። ጥበቡን ያገኘው በ1771 በፕራግ ከተማ ተወልዶ በባቫርያ የኖረው አሎይስ ሴኔፌልደር ነው። ሴኔፌልደር የቴያትር ደራሲ ነበር። ይሁን እንጂ ድርሰቶቹን ለማሳተም የሚጠየቀው ዋጋ ከዐቅሙ በላይ ስለ ሆነበት፣ በርካሽ ለማተም የሚያስችል ብልሃት ይፈልግ ጀመር። ከ1796 ጀምሮ በባቫርያ የዞልንሆፈን የኖራ ድንጋይ ላይ ልዩ ልዩ ሙከራ ካደረገ በኋላ፣ በ1798 ገደማ ዋናውን ምሥጢር አገኘ።

ምሥጢሩም ቅባትና ውሃ የማይስማሙ መሆናቸው ነበር። በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለበት ቀለም ከተጻፈ በኋላ ድንጋዩ በውሃ ሲርስ፣ ያልተጻፈበት ክፍል ውሃውን ይይዛል። በላዩ የማተሚያ ቀለም ሲዞርበት ቀለሙ በጽሕፈቱ ላይ ብቻ ይጣበቃል፤ ከርጥቡ ክፍል ግን ይሸሻል። እንዲህ ሆኖ ፊደል ሳይቀረጽና ሳይለቀም መጽሐፍ፣ የዜማ ጽሕፈትና ሥዕል በርካሽ ማተም ተቻለ።

ከዚህ በኋላ ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በዚሁ የድንጋይ ኅትመት ተማርኮ፣ እጅ ሳይሥል ብርሃን ራሱ እንዲሥል ለማድረግ ተነሣ። ኒየፕስ የተጠቀመበት ሬንጅ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር፣ ብርሃን ያላገኘው ክፍል ግን በዘይት የሚታጠብ ነበር። በ1820ዎቹ ዓመታት በዚህ መንገድ በብረት ሰሌዳ ላይ ሥዕል አስቀረ። በ1838 ደግሞ በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ሞሪትስ ያኮቢ ብረት በኤሌክትሪክ ኃይል ከፈሳሽ ወጥቶ በቅርጽ ማውጫ ላይ እንዲያርፍና የቅርጹን መልክ በትክክል እንዲይዝ የሚያደርገውን ጥበብ አስታወቀ።

በብርሃን መሣልና በኤሌክትሪክ ብረት ማብቀል፣ እነዚህ ሁለቱ ለብዙ ዘመን በየፊናቸው ሲያገለግሉ ቆዩ። የጨርቅ ነጋዴ የሚያውቀው አንድ ምሳሌ አለ። በ1963 የሆላንዱ የስቶርክ ፋብሪካ ጨርቅ የሚያትም ባለ ቀዳዳ ክብ ወንፊት ለገበያ አቀረበ። ይህ ወንፊት በኤሌክትሪክ ከኒኬል የተሠራ፣ መጋጠሚያ የሌለው ስስ ሲሊንደር ነው። ከዚያ ወዲህ በየመደብሩ ከሚሸጠው አበባማ ጨርቅ ብዙው በእንዲህ ያለ የኒኬል ሲሊንደር የታተመ ነው። ታላቁን ሲሊንደር የሠራው ብልሃት ደቃቁን ለመሥራት ጥቂት ዓመታት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ካርልስሩኤ፤ ለሌላ ነገር ታስቦ ለሰዓት የተረፈ ጥበብ

ሁለቱን ጥበቦች አንድ አድርጎ እጅግ ደቃቅ የሆነ የብረት ሥራ ለመሥራት የተነሣው በጀርመን አገር የካርልስሩኤ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ነበር። በዚያ ኤርቪን ቤከር የተባለው ሊቅና ረዳቶቹ ለኃይል ማመንጫ የሚሆነውን የዩራንየም ዓይነት ከሌላው ለመለየት ይሠሩ ነበር። ሊለይ የሚፈለገው ዩራንየም 235 ከመሬት ከሚወጣው ዩራንየም ከመቶ 0.7 ያህሉ ብቻ ነው። የቤከር ዘዴ የዩራንየሙን ጋዝ ከቀላል ጋዝ ጋር ቀላቅሎ በጠመዝማዛ ግድግዳ ጥግ በኃይል ማሳለፍ ነበር። ከባዱ ወደ ውጭ፣ ቀላሉ ወደ ውስጥ ሲያደላ በስለት ይከፈላሉ። መተላለፊያው እየጠበበ በሄደ መጠን ሥራው የተሻለ ስለሚሆን፣ በጥቂት ማይክሮን የሚለካ ጠባብ መንገድ በብረት ላይ ማውጣት አስፈለገ። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት እንኳ 70 ማይክሮን ያህል ይደርሳል።

ይህን በመቁረጫ መሣሪያ ማድረግ የማይሞከር ስለ ነበረ፣ ቤከር፣ ቮልፍጋንግ ኤርፌልድና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ አዲስ መንገድ አወጡ። ስሙንም ሊጋ አሉት። ሊቶግራፊ፣ በኤሌክትሪክ ብረት ማነጽና በቅርጽ ማባዛት የሚሉት የሦስት የጀርመንኛ ቃላት መጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ሥዕሉን የሚያሳርፉት በኤክስሬይ ጨረር ነበር።

የቤከር ዩራንየም የመለየት ዘዴ በንግድ ደረጃ ሳይዘልቅ ቀረ። እርሱን ለማገልገል የተፈለሰፈው የአሠራር ብልሃት ግን ከጌታው የበለጠ ዕድሜ አገኘ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ጉከል በዚሁ ዘዴ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ የብረት ሞተሮችን ሠራ። በጀርመን አገር በማይንትስ ከተማም በ1990 በተቋቋመው የማይክሮ ቴክኒክ ተቋም ኤርፌልድ ሥራውን ወደ ኢንዱስትሪ አቀረበው።

አሠራሩ እንዴት ነው?

የዚህ ሥራ ምሥጢር በአጭር ቃል ሲነገር፣ ክብ የሣለ ሰው ሲሊንደር ይሠራል ማለት ነው። የሚሣለው ሥዕል ዝርግ ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ ወፍራም በሆነ ሙጫ ውስጥ ቀጥ ብሎ እስከ ታች ስለሚወርድ፣ ክቡ ጉድጓድ ይሆናል፤ ጉድጓዱም በብረት ሲሞላ ዘንግ ይወጣዋል። ሥራውም በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈጸማል።

በመጀመሪያ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ሰሌዳ ተዘጋጅቶ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ስስ ብረት ይለበጣል። ሁለተኛ፣ ብርሃን ሲያገኘው ጠባዩ የሚለወጥ ሙጫ በሰሌዳው ላይ ይፈስሳል፤ ውፍረቱም ከሚፈለገው የዘንግ ቁመት ጥቂት ይበልጣል። ከዚያም በመጠኑ ሞቆ እንዲደርቅ ይደረጋል። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ የተነቀሰበት መስተዋት በላዩ ይቀመጣል። ይህ መስተዋት ጭንብል ይባላል፤ ብርሃን እንዲያልፍ የተፈለገበት ቦታ ጥርት ያለ፣ እንዳያልፍ የተፈለገበት ደግሞ በክሮም የተሸፈነ ነው። በዚህ ጭንብል በኩል አልትራ ቫዮሌት ብርሃን ይለቀቅበታል።

አራተኛ፣ ሰሌዳው በማጠቢያ ፈሳሽ ይታጠባል። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ሙጫ ብርሃን ያገኘው ክፍል የሚጠነክር ነው፤ ስለዚህ በጭንብሉ ላይ ጥቁር የነበረው ክብ ታጥቦ ጉድጓድ ሲሆን፣ ዙሪያው ግን ጸንቶ ይቀራል። ድፍን ዘንግ ሳይሆን ክፍት ቱቦ ከተፈለገ፣ በጥቁሩ ክብ መካከል ትንሽ ጥርት ያለ ክብ መተው ብቻ ይበቃል። አምስተኛ፣ ሰሌዳው የኒኬል ጨው ባለበት ገንዳ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ኒኬሉ ከጉድጓዱ ወለል ጀምሮ ወደ ላይ ያድጋል። በአንድ ካሬ ዴሲሜትር አንድ አምፔር የሚተላለፍ እንደ ሆነ እድገቱ በሰዓት 12 ማይክሮን ያህል ነው። ስለዚህ የሚሊሜትር ሁለት ዐሥረኛ ቁመት ለማግኘት ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል። ማታ የገባው ሰሌዳ በማግሥቱ ከምሳ በፊት አይወጣም ማለት ነው። በመጨረሻም የላይኛው ፊት ተፍቆ ይስተካከላል፤ ሙጫው ይወገዳል፤ ዘንጎቹም ከሰሌዳው ይላቀቃሉ።

ብርሃኑ ኤክስሬይ በሆነ ጊዜ የጉድጓዱ ግድግዳ እጅግ ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ነገር ግን ተፈላጊው ጨረር የሚገኘው ሲንክሮትሮን ከሚባል ታላቅ መሣሪያ ስለ ሆነ ወጪው ለተራ ፋብሪካ አይቀመስም። በ1989 የአሜሪካው አይ ቢ ኤም ኩባንያ ኤስ ዩ 8 የሚባለውን ሙጫ ፓተንት ካደረገ በኋላ ግን፣ በወፍራም ሙጫ ላይ በተራ አልትራ ቫዮሌት መብራት መሥራት ተቻለ። ጥበቡ ከምርምር ቤት ወጥቶ ወደ ንግድ ቤት የገባው በዚህ በር ነው።

በሰዓትና በቴሌፎን ውስጥ

በ1998 በስዊስ አገር በሲዮን ከተማ የተቋቋመው የሚሞቴክ ኩባንያ በዚህ ዘዴ ለሰዓት ፋብሪካዎች ደቃቅ ክፍሎችን ይሠራ ጀመር። ዛሬ ጥርሳም መንኰራኩር፣ ቀለበት፣ ዘንግና ልዩ ልዩ ስስ ክፍሎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ጥርሳም መንኰራኩርም ቢሆን ዙሪያው የተጠረበ አጭር ሲሊንደር ነውና አሠራሩ አንድ ነው። ሮሌክስ በ2015 ባወጣው 3255 በተባለው የሰዓት ሞተር ውስጥ የመዘውሩን ጉልበት በልክ እየለቀቁ የሚያሳልፉት ክፍሎች ከኒኬልና ከፎስፎረስ ድብልቅ የተሠሩ ናቸው። ተራ ኒኬል በማግኔት የሚሳብ ሲሆን፣ በቂ ፎስፎረስ የተቀላቀለበት ግን አይሳብም። በቴሌፎንና በድምፅ ማጉያ በተከበበ ዘመን ይህ ለሰዓት ባለቤት ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ከሰዓት ይልቅ በብዛት የሚገኙት ሲሊንደሮች ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ያሉት የመዳብ ምሰሶዎች ናቸው። የሲሊከን ቺፕ ከተሸከመው ሰሌዳ ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦች ቀድሞ የብየዳ እርሳስ ጠብታዎች ነበሩ። ጠብታ ሲቀልጥ ወደ ጎን ስለሚሰፋ፣ ነጥቦቹን ማቀራረብ አስቸጋሪ ነበር። መዳብ ግን በሙጫ ጉድጓድ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲበቅል ምሰሶ ይሆናል፤ ምሰሶም ወደ ጎን ስለማይፈስ ብዙ ነጥቦችን በጠባብ ቦታ ማሰለፍ ይቻላል። ኢንቴል ይህን ዘዴ በ2006 በቺፖቹ ላይ አዋለው፤ ከዚያ ወዲህም ተስፋፋ። አንድ ቺፕ ብዙ ሺሕ ምሰሶዎች ሊኖሩት ስለሚችል፣ አንድ ካርቶን ቴሌፎን የተረከበ ባለ ሱቅ እጅግ ብዙ ደቃቅ የመዳብ ሲሊንደሮችን አብሮ ተረክቧል ማለት ነው።

ቀለም በሚተፋው የማተሚያ መኪናም እንዲሁ ነው። ሂውሌት ፓካርድ በ1984 ለገበያ ባቀረበው ቲንክጄት በተባለው ማተሚያ ላይ ቀለሙ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ያሉበት ስስ የኒኬል ሰሌዳ በኤሌክትሪክ የበቀለ ነበር።

ከቶርኖ ጋር ሲነጻጸር

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የቶርኖ መኪና ዘመን አልፏል ብሎ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች ለደቃቅ ሥራ ያዘጋጁት ራሱን የቻለ ቶርኖ እስከ ዛሬ ድረስ ተፎካካሪ የለውም ለሚባሉ ሥራዎች ይፈለጋል። ቶርኖ ጠንካራ አረብ ብረት ይቈርጣል፤ ጥርብ ጠመዝማዛ ያወጣል፤ ዘንጉን በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው በኩል ሾጣጣ ያደርጋል። ሊቶግራፊ ግን ይህን አያደርግም። የሚያወጣው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው አካል ነው። ደረጃ ያለው ዘንግ ከተፈለገ በመጀመሪያው ሥራ ላይ ሁለተኛ ጭንብልና ሁለተኛ የኒኬል ገንዳ መጨመር ይገባል፤ እያንዳንዱም ደረጃ ወጪና የመበላሸት አደጋ ይጨምራል። አረብ ብረትንም ከኤሌክትሪክ ገንዳ ማብቀል አይቻልም፤ የሚበቅሉት ኒኬልና ድብልቆቹ፣ መዳብና ወርቅ ናቸው።

በሌላ በኩል ቶርኖ አንድ አንድ እያለ ይሠራል። መቁረጫው ዘንጉን ሲገፋው ቀጭን ዘንግ ይጐብጣል፤ ዘንጉ እያነሰ በሄደ መጠን ችግሩ ይብሳል። ሊቶግራፊ የሚገፋው ነገር የለም። ወርዱ 100 ሚሊሜትር በሆነ አንድ ክብ ሰሌዳ ላይ፣ የሚሠራበት ስፋት 6,000 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆንና ለእያንዳንዱ ዘንግ ከነዙሪያው የ0.3 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ቢሰጠው፣ ከ66 ሺሕ በላይ ዘንጎች ባንድ ሌሊት አብረው ይበቅላሉ።

የዋጋው ሒሳብ

ለነጋዴ ዋናው ነገር የዋጋው ጠባይ ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ ይወሰድ፤ ቁጥሮቹ የሒሳቡን አካሄድ ለማሳየት የተመረጡ እንጂ የማንም ፋብሪካ ዋጋ አይደሉም። ለጭንብሉና ለዝግጅቱ 3,000 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ 1,500 ዶላር ይጠየቅ፤ ከአንዱም ሰሌዳ 50,000 ደኅና ዘንጎች ይገኙ። በቶርኖ በኩል ደግሞ ለዝግጅት 300 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ዘንግ 50 ሳንቲም ይጠየቅ።

ገዢው 500 ዘንግ ብቻ ቢፈልግ፣ በሊቶግራፊ የአንዱ ዋጋ 9 ዶላር ይሆናል፤ በቶርኖ ግን 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው። 50,000 ቢፈልግ በሊቶግራፊ የአንዱ ዋጋ 9 ሳንቲም፣ በቶርኖ ግን ከ50 ሳንቲም በላይ ነው። 500,000 ቢያዝዝ ደግሞ በሊቶግራፊ የአንዱ ዋጋ ከ4 ሳንቲም በታች ይወርዳል። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ ዋጋዎች የሚገናኙት በ8,400 ዘንግ ላይ ነው። ከዚያ በታች ቶርኖ፣ ከዚያ በላይ ሊቶግራፊ ይረክሳል። እንግዲህ ሻጩ «አንዱ በስንት ነው?» ተብሎ ከመጠየቁ በፊት «የጭንብሉ ዋጋ ስንት ነው? የሰሌዳውስ? ከአንድ ሰሌዳ ስንት ደኅና ዕቃ ይወጣል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ጭንብሉ የገዢው ንብረት መሆን አለመሆኑም በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባዋል፤ አለዚያ በሁለተኛው ትእዛዝ ያው ዋጋ እንደገና ሊጠየቅበት ይችላል።

ስሕተትም ይባዛል

ዕቃ የሚያበዛ ጥበብ ስሕተትንም ያበዛል። ቶርኖ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ዘንግ ለክቶ ስሕተት ቢያገኝ መቁረጫውን አስተካክሎ ይቀጥላል፤ የጠፋው አንድ ዘንግ ነው። በሊቶግራፊ ግን በጭንብሉ ላይ ክቡ 5 ማይክሮን ቢሰፋ፣ የሰሌዳው ዘንጎች ሁሉ ያን ያህል ሰፍተው ይወጣሉ። በመፋቅ አይቃናም፤ ሌላ ጭንብል መሥራት ነው። ስለዚህ የነጋዴው ታላቅ ሰዓት ዕቃው ሲደርስ ሳይሆን የሥዕሉን ሰነድ ፈርሞ የሚመልስበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ልኩን ለሚያውቅ ባለሙያ አሳይቶ፣ ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳ ልክ ጨምሮ መርምሮ ያልፈረመ ሰው ኋላ የሚከስሰው አያገኝም።

ዕቃው ሲደርስም ምርመራው እንደ ቡና ናሙና ከአንድ ጆንያ ጫፍ በማፈስ አይሆንም። በገንዳው ውስጥ ኤሌክትሪኩ ወደ ሰሌዳው ዳርቻ ስለሚያደላ፣ በዳር ያሉት ዘንጎች ከመካከለኞቹ ይልቅ ፈጥነው ያድጋሉ። ፋብሪካው ፍቆ ሲያስተካክላቸው ልዩነቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን «ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» እንደሚባለው፣ ገዢው ከሰሌዳው መካከልና ከዳርቻው ተለይተው የተወሰዱ ናሙናዎች እንዲላኩለት መጠየቅ አለበት። የወርዱ ልክና የቁመቱ ልክም ለየብቻ መጻፍ አለባቸው፤ ወርዱን የሚወስነው ብርሃኑ ሲሆን፣ ቁመቱን የሚወስነው ገንዳውና መፋቂያው ነውና።

ቁጥሩንም በሚዛን ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው ሚዛኑን ይወቅ። ከላይ የተጠቀሰው ዘንግ አንዱ የሚመዝነው የሚሊግራም 14 ሺሕኛ ያህል ነው። ስለዚህ ሚዛኑ አንድ ሚሊግራም ብቻ ቢሳሳት ቁጥሩ በ71 ዘንግ ይሳሳታል።

መድንና የአየር ጭነት

ከሁሉ ይልቅ አስመጪውን ሊጐዳው የሚችለው የጭነቱ ነገር ነው። አንድ ሚሊዮን ዘንግ የሚመዝነው 14 ግራም ብቻ ነው። በ1999 በሞንትሪያል በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ግን አየር መንገድ ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ጭነት የሚከፍለው ካሣ ወሰን የተቈረጠለት በኪሎ ግራም ነው። ወሰኑ ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ በኪሎ 26 ሆኗል። ዕሽጉ ከነሣጥኑ ግማሽ ኪሎ ቢመዝን፣ ወሰኑ 13 መለኪያ ይሆናል፤ ይህም ከ20 የአሜሪካ ዶላር በታች ነው። በውስጡ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ቢኖርም ነገሩ አይለወጥም። ስለዚህ ላኪው ዕቃውን ሲያስረክብ ዋጋውን በልዩ አስታውቆ ተጨማሪውን ክፍያ መክፈል፣ ወይም ጭነቱን በሙሉ ዋጋው መድን ማስገባት ግዴታው ነው። ለእንዲህ ያለ ሸቀጥ ቀላልነቱ ጥቅም መስሎ ይታያል፤ በጠፋ ጊዜ ግን የሚያከስረው ይኸው ቀላልነቱ ነው።

የጤናና የጥገና ጉዳይ

የኒኬል ጨው ያለበት ገንዳ አደገኛ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1990 የኒኬል ውሁዶችን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መድቧቸዋል። በመሆኑም ዝቃጩን ሳያጣራ ወደ ወንዝ የሚለቅ ፋብሪካ በዋጋ ቢረክስም፣ አንድ ቀን ሲዘጋ ደምበኞቹን ያለ ዕቃ ያስቀራቸዋል። ከዚህም በቀር ኒኬል ቆዳን ለሚያሳክከው ሰው ጠንቅ ስለ ሆነ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ1994 ባወጣው መመሪያ ከቆዳ ጋር በሚገናኙ ጌጣጌጦችና ሰዓቶች የሚወጣውን ኒኬል ወስኗል። በሰዓቱ ሆድ ውስጥ ያለ ዘንግ ቆዳ አይነካም፤ የማሰሪያ ዘንግ ወይም የጆሮ ጌጥ ግን ይነካልና ልዩነቱን ማወቅ የሻጩ ፈንታ ነው።

በመጨረሻም የጥገና ነገር አለ። የቀድሞው ሰዓት አዳሽ የተሰበረውን ዘንግ በትንሿ ቶርኖው ላይ ራሱ ቈርጦ ይተካው ነበር። በሊቶግራፊ የተሠራውን ክፍል ግን ስስነቱና የልኩ ጥብቅነት በእጅ ለመተካት ብዙ ጊዜ አያስችሉም፤ መለወጫውም ከፋብሪካው ብቻ ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰዓት ወይም መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ የመሸጫውን ዋጋ ከመነጋገሩ አስቀድሞ፣ ፋብሪካው መለዋወጫ ለስንት ዓመት እንደሚያቀርብ፣ ለአገር ውስጥ አዳሽ ይሸጥ ወይም አይሸጥ እንደ ሆነ በጽሑፍ ማስረገጥ አለበት። ደምበኛው ሰዓቱ በቆመ ጊዜ የሚመጣው ወደ ስዊስ ፋብሪካ ሳይሆን ወደ ሸጠለት ሱቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከሳንቲም በታች የሚያወጣ ብረት በመታጣቱ የሚጐድፈው የነጋዴው ስም ይሆናል።